ከልጆች ጋር ባቢሌ ድንኳን ተክሎ ማደር፦ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

የሳቢያን አባት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ወንዱ 10 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ ገና 5 ሞላት። ለፋሲካ ትምህርት ሲዘጋ ከቤት ላወጣቸው ቆርጫለሁ። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ዓይኑ ከስልክ አልተነሳም። ተራራው ከመስኮታችን ይታያል፣ ዞር ብሎም አያየው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሐረር ገብተን ማታ ጅብ ሲመገብ እናያለን። በማግስቱ ባቢሌን አልፈን ዳኬታ ሸለቆ፣ እነዚያ ተደራርበው የቆሙ ቋጥኞች ጋ እንሄዳለን። ማታ ድንኳን እንተክላለን፤ ጓደኛዬ ያውሰኛል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋ አለ፣ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይም የለውም፣ ለልጆች ይመቻል ብዬ ነው። ሦስተኛው ቀን ዝሆን ፍለጋ በእግር።

አምና ያጋጠመኝን ልንገራችሁ። ከከተማው በስተደቡብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ከቤት የወጣነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበር። ውሃ የያዝኩት አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ብቻ። ዳገቱን ሳናጋምስ ልጅቷ ተቀመጠች። ፊቷ በርበሬ መስሏል፣ ላቧ ግን ደርቋል። አላለቀሰችም፤ ዝም አለች። ያስፈራኝ ዝምታዋ ነው። አዝዬ ወረድኩ። ባለቤቴ እስካሁን በዚህ ጉዳይ አታምነኝም፣ እውነቷን ነው።

ዘንድሮ መድገም አልፈልግም። የ5 ዓመት ልጅ ምን ያህል ትችላለች? ምን ልያዝ? የት እንደር?

የደቻቱ ልጅ

ወንድሜ፣ ድሬ ላይ አንቱ የለምና አንተ እያልኩ ልቀጥል። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። አቦ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ድንኳኑን አሸዋው ላይ አትትከል።

በ1998 ክረምት የከተማችን ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ 11 ዓመቴ ነበር። ሌሊት ነው። ድምፁን ስንሰማ መጀመሪያ ባቡር መስሎን ነበር። እናቴ ታናሽ ወንድሜን በነጠላ ጠቅልላ ጎረቤት ደርብ ላይ አወጣችን። ጠዋት ስንወርድ በራችን ላይ እስከ ወገቤ የሚደርስ ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ የማን እንደሆነ የማናውቀው የልጅ ነጠላ ጫማ ነበር። ያኔ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ውሃው የመጣው ከላይ ከደጋው ነው። የእኛ ወንዞች እንዲህ ናቸው። ተራራው የተራቆተ ነው፣ ዝናቡን አይዘውም፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ወደ ታች ይለቀዋል። አንተ ያለህበት ሰማይ ኮከብ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ፋሲካ ደግሞ የበልግ ዝናብ ወቅት ላይ ነው የሚውለው።

ልጆቼን ያስተማርኳቸው ይሄን ነው። አሸዋውን ተሻገሩት፣ ግን አትቀመጡበት። ተራራው ላይ ደመና ካያችሁ ወይም ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ጎን ወደ ዳገቱ ውጡ። ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች የሚሮጥ ሰው አይተርፍም። መንገድ ላይ እንደ ጨዋታ አድርጌ እጠይቃቸዋለሁ። «አሁን ውሃ ቢመጣ በየት ትወጣላችሁ?» ስላቸው ትንሿ በጣቷ ታሳየኛለች።

ድንኳኑ ከወንዙ ወጥቶ ቢተከልም ደስ አይለኝም። በዚያ አካባቢ ማታ ጅብ ይዞራል። የ5 ዓመት ልጅ በጨርቅ ውስጥ፣ አጠገቧ የምግብ ሽታ፣ ወላሂ እኔ አላደርገውም። ሐረር እደሩ። ጀጎል ውስጥ የአደሬ ቤታቸውን፣ ማለትም የሐረሪን ባህላዊ ቤት፣ ለእንግዳ የሚያከራዩ አሉ። ደረጃ ደረጃ ያለውን መደብ፣ ነደባ የሚሉትን፣ ልጆች በጣም ይወዱታል፤ የእኔዎቹ አንዱ ላይ ወጥተው አንዱ ላይ ሲወርዱ አመሹ። ጠዋት የግንቡን ዙሪያ አስዙራቸውና ለጅብ ማለፊያ የተተዉትን ቀዳዳዎች ፈልጉ፤ ወራባ ኑዱል ይባላሉ። ማታ ጅቡን ካዩ በኋላ ቀዳዳውን ማግኘት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። የጅቡ ምገባ የሚጀምረው ሲጨልም፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ልጅቷን ከፊት አታቁማት፣ እቀፋት። ከፈራች ደግሞ «አይዞሽ፣ ቅረቢ» አትበላት፤ ከሩቅ ትይ።

ዝሆኑን ለሌላ ዓመት ተወው። የባቢሌ መጠለያ በ1962 ለዝሆኖቹ ሲባል የተከለለ ነው፣ ግን ቁጥቋጦና ቁልቋል የበዛበት ሰፊ ሸለቆ ነው። ግማሽ ቀን ተጉዘህ ኮቴውን ብቻ ልታይ ትችላለህ። ግልገል ያላት እናት ካገኘችህ ደግሞ የምትሮጥበት ቦታ የለም፣ ልጅ ታቅፈህማ ጭራሽ።

ቋጥኞቹ ለቀኑ ይበቃሉ። ከሐረር ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሸለቆው ከከተማው አለፍ ብሎ በጅግጅጋ መንገድ ላይ ነው። ከማለዳው 12 ሰዓት ተነሱ፣ እስከ 4 ሰዓት ጨርሱ። እኔ ባቢሌ ላይ ለውዝ ከነቅርፊቱ እገዛና የየልጁን ኪስ እሞላለሁ። «እስከዚያ ድንጋይ 10 ለውዝ» እላለሁ። ትንሿ እየቆጠረች፣ እየፈለፈለች፣ እየበላች ሳታውቀው ትደርሳለች። ለእያንዳንዱ ቋጥኝ ስም ታወጣለች፤ አንዱን «እማዬ ሊጥ ስታቦካ» አለችው። ርቀቱን በእሷ እግር ለካው፣ በወንድሟ እግር አትለካው። ወንድሟ ጉልበት ከተረፈው ቦርሳ ይያዝ።

የደንገጎ ሹፌር

እህታችን የአሸዋውን ነገር ጨርሳዋለች። እኔ ስለ መንገዱ ልበል።

ከድሬ ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን የደንገጎ ጥምዝምዝ ልጅ ያስመልሳል። ጠዋት ወተትና ቅባት አትስጧቸው። ደረቅ ዳቦ ይብሉ፣ ሎሚ ያሽትቱ፣ ፌስታል በእጃችሁ ይኑር። ልጁ ከፊት ባለው መስኮት ወደ ሩቅ ይይ፣ ስልክ አይንካ። ሽቅብ ስትጨርሱ አውርዳችሁ አናፍሷቸው። አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ሐረር ከድሬ ወደ 700 ሜትር ከፍ ያለች ናትና ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። የድሬ ሰው ሁሌ ይረሳዋል።

ጉዞው በሌላ ጊዜ ከሆነ ታህሳስ 19ንና ሐምሌ 19ን ሽሹ፤ በቁልቢ ገብርኤል ምክንያት መንገዱ ይዘጋጋል። ከባቢሌ በኋላ ያለው መስመር ደግሞ ሁሌ አንድ ዓይነት አይደለም። በምትሄዱበት ሳምንት ሐረር መናኸሪያ ሹፌሮችን ጠይቁ። «ዛሬ አትሂዱ» ካሏችሁ አትከራከሩ። ሳይመሽ ተመለሱ፤ በጨለማ ግመል አስፋልት ላይ ይቆማል።

ነርሷ

የልጅቷን ታሪክ ሳነብ ደነገጥኩ። ቀይ ፊት፣ የደረቀ ላብና ዝምታ ሲገናኙ አደገኛ ምልክት ነው። ሙቀት ጎድቷት ነበር። እንደዚያ ስታይ ወዲያው ጥላ፣ ልብስ ማላላት፣ በእርጥብ ጨርቅ አንገትና ብብት ማቀዝቀዝ። ካልነቃቃች ወይም ግራ ከተጋባች ወደ ጤና ተቋም ሩጥ።

ሳትጠማ አጠጣት፣ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ጉንጭ። ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ያዝ፤ አንዱ ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ ውሃውን አታሳንስ። ሽንቷ ጥቁር ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሷታል። ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት አራግፉት፣ ጊንጥ ይገባበታል። ድሬ ላይ ቀን የሚነክሰው ትንኝም ደንጊ ያመጣል፣ ስለዚህ አጎበር ለሌሊት ብቻ በቂ አይደለም፤ እጅጌ ረጅም ልብስ አልብሷቸው። ዝንጀሮ ምግብ እንዳያበሉ፣ እንዳይነኩ።

የሳቢያን አባት

እግዜር ይስጣችሁ። የደቻቱን ታሪክ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሷም ያን ሌሊት ታስታውሳለች፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። አሸዋው ቀርቷል።

ሁለት ሌሊት ሐረር፣ መሃል ላይ አንድ ጠዋት ዳኬታ፣ ዝሆን የለም። ወንዱ ስለ ዝሆኑ አኩርፏል። የውሃውና የኦአርኤሱ ኃላፊ እሱ ነው ስለው ግን ጄሪካኑን ሞልቶ ስንት ደቂቃ መሸከም እንደሚችል ግቢ ውስጥ ሲለማመድ አገኘሁት። ድንኳኑን ቅዳሜ ማታ እዚሁ ግቢያችን እንተክለዋለን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የአደሬ ቤቱ ለ4 ሰው አንድ ክፍል ይበቃል?

የደቻቱ ልጅ

ይበቃል። ግን የፋሲካ ሰሞን ስለሆነ ቀድመህ ደውል። ስትገቡ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ለልጆቹ ካሁኑ ንገራቸው። ለትንሿ ብርድ ልብስ ከቤቷ ይዘህላት ሂድ፤ አዲስ ቤት የራሷ ሽታ ካለ ቶሎ ትተኛለች።