ባህላዊ ጥበባት በመደበኛው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ውስጥ፦ ከባህል ቀን ዝግጅት ማለፍ የሚቻለው እንዴት ነው?

ጥያቄ (የአራተኛ ክፍል መምህርት)

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሒሳብና ቋንቋ የማስተምር መምህርት ነኝ። በምሠራበት ትምህርት ቤት ባህልና ኪነ ጥበብ የሚታሰቡት በዓመት አንድ ጊዜ በሚዘጋጀው የባህል ቀን ነው። በዚያ ዕለት ልጆቹ በባህል ልብስ አጊጠው ይመጣሉ፣ የተለማመዱትን ጭፈራ ያሳያሉ፣ ወላጆችም ተደስተው ይመለሳሉ። በማግስቱ ግን የልብሱ ጥለት እንዴት እንደተሠራ፣ ዘፈኑ በምን አጋጣሚና በማን እንደሚዘፈን የሚጠይቅ ልጅም ሆነ የሚያስረዳ መምህር አይገኝም። ልጆቹ ባህል ማለት ለትዕይንት የሚለበስ ነገር ነው ብለው እንዳያድጉ በጣም እሰጋለሁ።

ጥበባቱን በዕለት ተዕለቱ ትምህርት ውስጥ ለማስገባት ሳስብ ግን መላው ይጠፋብኛል። የዓመቱ የትምህርት ዕቅድ እንደ ምንም የሚሸፈን ነው፤ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ከየትም አላገኝም። በክፍሌ ያሉት ልጆች ከተለያየ ባህል የመጡ በመሆናቸው የአንዱን ወግ ሳስተምር ሌላው የተረሳ እንዳይመስለው፣ በደንብ የማላውቀውንም ወግ አዛብቼ እንዳላቀርብ እፈራለሁ። ከዚህም ሌላ፣ ወላጆች «ይህ የልጄን ውጤት ከፍ ያደርገዋል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በተግባር የሞከራችሁ ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ምላሽ (የሒሳብ መምህር)

መምህርት፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጥበቡን በትምህርቱ ላይ የሚደረብ ጭነት አድርገን ካሰብነው መቼም ጊዜ አይገኝለትም፤ ትምህርቱ ራሱ የሚሰጥበት መንገድ ሲሆን ግን የተለየ ክፍለ ጊዜ አይጠይቅም። እኔ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የምጠቀምበትን ላቅርብልዎ።

በምሥራቅ አንጎላና በአጎራባች አገሮች የሚኖሩት የቾክዌ ሕዝቦች ሶና የሚባል በአሸዋ ላይ የሚሣል ሥዕል አላቸው። አዋቂው አሸዋውን ደልድሎ በጣቶቹ ጫፍ እኩል የተራራቁ ነጥቦችን በረድፍና በዓምድ ያኖራል፤ ከዚያም ተረቱን ወይም እንቆቅልሹን እየተናገረ ጣቱን ሳያነሣ በነጥቦቹ መካከል መሥመር ይስባል። ማመንታትና መቆም የአለማወቅ ምልክት ተደርጎ ስለሚወሰድ እጁ ያለማቋረጥ መሄድ አለበት። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል፤ በሞዛምቢክ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ጌርዴስም በሥዕሎቹ ውስጥ ያለውን ሒሳብ በስፋት አጥንቶ ለትምህርት እንዲውል ጽፎበታል።

በክፍሌ ከሥዕሎቹ መካከል የተጎነጎነ ምንጣፍ የሚመስለውን ዓይነት እመርጣለሁ። ልጆቹ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉም አራት ነጥብ በወረቀት ላይ ያስቀምጣሉ። መሥመሩ በነጥቦቹ መካከል በሰያፍ ይሄዳል፤ ከዳር ሲደርስም ዞሮ እንደገና በሰያፍ ወደ ውስጥ ይገባል። በ3 በ4 አንድ መሥመር ሁሉንም ነጥቦች አዳርሶ ከተነሣበት ይገጥማል። 4 በ6 ሲሞክሩ ግን መሥመሩ መንገዱ ገና ሳያልቅ ከመነሻው ጋር ይገናኝና ሁለተኛ መሥመር ያስፈልጋል፤ 3 በ3 ደግሞ ሦስት መሥመር ይጠይቃል። በዚህ ጊዜ ሥራው የተበላሸበት መስሎት ወረቀቱን የሚጨማድድ ልጅ አይጠፋም፤ አጠገቡ የተቀመጠችውም ልጅ ያው ሁለት መሥመር እንደወጣላት ሲያይ ግን እጁን መጠራጠሩን ትቶ ቁጥሮቹን መመርመር ይጀምራል። ውጤታቸውን በሠንጠረዥ ሲያሰፍሩ፣ የመሥመሮቹ ብዛት የረድፉና የዓምዱ ቁጥሮች ትልቁ የጋራ አካፋይ መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። ለአካፋዮች በዕቅዱ ከተመደበው ጊዜ አልፌ አላውቅም።

በደቡብ ህንድ በታሚል ናዱ ሴቶች ማለዳ በደጃፋቸው በሩዝ ዱቄት የሚሥሉት ኮላምም አብዛኛውን ጊዜ በነጥቦች ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ሲሜትሪን (የቅርጽን ተመጣጣኝነት) ለማስተማር ይመቻል። ከልጆቹ ቤት የሚመጣ ጥልፍ፣ ሰፌድ ወይም ምንጣፍ ካለ ደግሞ ሁሌም ከሩቁ ይልቅ እሱን ያስቀድሙ።

ምላሽ (የሙዚቃ መምህርት)

የሒሳብ መምህሩ ያቀረቡት ምሳሌ በእጅጉ ጠቃሚ ነው፤ በአንድ ነገር ላይ ግን የተለየ አስተያየት አለኝ። ጥበብ ሒሳብን ወይም ንባብን ስለሚያግዝ ብቻ ወደ ክፍል የሚገባ ከሆነ፣ ማገዙ ያልተረጋገጠ ዕለት የሚከራከርለት አይኖርም። ለዚህ ነው ለወላጆች የምንሰጠው መልስ ጥንቃቄ የሚያሻው።

ሞዛርትን ማዳመጥ ሕፃናትን ብልህ ያደርጋል የሚለው በሰፊው የተወራ ነገር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ አንድ አጭር ጥናት ነው። ጥናቱ የተደረገው በሕፃናት ላይ ሳይሆን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነበር፤ ታየ የተባለውም ለውጥ ቅርጽንና አቀማመጥን በአእምሮ ከማገናዘብ ችሎታ የማያልፍና በደቂቃዎች ውስጥ የሚጠፋ ነበር። በአንጻሩ የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ሰፊ የጥናቶች ግምገማ፣ ልጆች ታሪክን በክፍል ውስጥ በድራማ ሲጫወቱ የቋንቋ ችሎታቸው እንደሚጠነክር፣ የሙዚቃ ትምህርትም የንግግር ድምፆችን ለይቶ ለማወቅ እንደሚረዳ ጥሩ ማስረጃ አግኝቷል። ያም ሆኖ የግምገማው ዋና መደምደሚያ ጥበብ በትምህርት ቤት ቦታ የሚገባው ከሁሉ በፊት ስለ ራሱ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ወላጆችን በማናውቀው ውጤት ማባበል የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ልጆች በባህላዊ ሕይወትና በኪነ ጥበብ የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ይህ ከማንኛውም የፈተና ነጥብ የማያንስ በቂ ምክንያት ነው።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ የተከተለው መንገድ እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ከአገሩ ልጅ ከሙዚቃ ደራሲው ቤላ ባርቶክ ጋር በየገጠሩ እየዞረ የሕዝብ ዜማዎችን የሰበሰበ ሰው ነው፤ ልጅ ሙዚቃን መማር ያለበት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚዘፈኑ ዜማዎች ተነሥቶና በራሱ ድምፅ ነው ብሎም ያምን ነበር። እኔም ቃሉን በሰሌዳ ከመጻፌ በፊት ዜማውን ሙሉውን አሰማቸዋለሁ፤ ቀጥሎ ምቱን በጭብጨባ ይይዛሉ፤ ከዚያ እኔ ሳወርድ እነሱ ይቀበላሉ። ዜማው ከተዋሐዳቸው በኋላ አውራጅነቱን ለአንድ ልጅ እለቃለሁ። አውራጁ ስንኙ ጠፍቶበት የራሱን ሲፈጥር፣ ጓደኞቹም ያንኑ ተቀብለው ሲደግሙለት አላርመውም፤ የቃል ግጥም ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው እንዲህ ነውና። በመጨረሻ ስንኞቹን ሲጽፏቸው በአፋቸው የያዙትን ቃል በፊደል ስለሚያገኙት ንባብ ያስቸገራቸው ልጆች እንኳ ጣታቸውን እያስከተሉ ያነባሉ። ይህ በቋንቋ ክፍለ ጊዜዎ ሊሠራ የሚችል ነው።

ምላሽ (የቅርስ ጥናት ባለሙያ)

እኔ መምህር ባልሆንም ከባህል ባለቤቶችና ከትምህርት ቤቶች ጋር ስለምሠራ፣ ወግን አዛብቶ ስለማቅረብ ያነሡትን ስጋት ብቻ ልመልስ። ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን ሁሉንም ወግ አጥንቶ መጨረስ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2003 ያጸደቀው ኮንቬንሽን የማይዳሰስ ቅርስን ሲተረጉም፣ ማኅበረሰቡ ራሱ የእኔ ነው ብሎ የሚቀበለውን፣ ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፈውንና ያለማቋረጥ እንደ አዲስ የሚፈጠረውን ነው። የቃል ትውፊትን፣ ትዕይንታዊ ጥበባትን፣ ማኅበራዊ ሥርዓቶችንና በዓላትን፣ ስለ ተፈጥሮ ያለውን ዕውቀት፣ የእጅ ጥበብን ሁሉ ያቅፋል። ስለዚህ አዋቂው ማኅበረሰቡ ነው፤ የመምህሩ ድርሻ አዋቂውን ወደ ክፍል ማምጣትና ልጆቹ በሚገባ እንዲጠይቁ ማዘጋጀት ነው።

ሸማኔ ቢጋብዙ፣ ስለ ሽመና ንግግር እንዲያደርጉ ሳይሆን እንዲሠሩ ይጠይቋቸው። አንዲት ልጅ ከድሩ ሥር አጎንብሳ ማጉ በየትኞቹ ክሮች ሥር እንዳለፈና የትኞቹን እንደዘለለ እየቆጠረች በወረቀት ላይ ምልክት ስታደርግ አይቻለሁ፤ ያ ወረቀት የጥለቱ ንድፍ ሆኖ ወጣ፤ ሸማኔውም አይተው አንዱን ክር አረሙላት። እንዲህ ያለው ትምህርት እንዲገኝ ግን ከእንግዳው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ምን ማሳየት እንደሚወዱ፣ ምን በፎቶ መነሣት እንደሌለበት፣ ለጊዜያቸውና ለዕቃቸው ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚከፍል ሳይወሰን መጥራት ለአዋቂው ክብር አይሆንም።

አንዳንድ ዜማና ሥርዓት በተወሰነ ጊዜ፣ በተወሰኑ ሰዎች ብቻ የሚከናወን ነው። የሐዘን ወይም የአምልኮ የሆነውን በመድረክ ማስጨፈር ባለቤቶቹን ያስቀይማል፤ የማይዘፈንበትን ምክንያት ለልጆች ማስረዳት ግን ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ሌላው አጥብቄ የማሳስበው፣ አንድን ልጅ «የእናንተ ሰዎች ይህን እንዴት ያደርጋሉ?» ብሎ መጠየቅ ልጁን ያልሰጡትን ውክልና ማሸከም መሆኑን ነው። «በእናንተ ቤት ሕፃን ሲያለቅስ ምን ይባልለታል?» ብለው ሁሉንም ቢጠይቁ ግን እያንዳንዱ ልጅ የሚያመጣው ነገር አለው፤ ከአንድ ባህል የመጡ ሁለት ልጆች የተለያየ እሹሩሩ ይዘው ሲመጡም ባህል አንድ ወጥ አለመሆኑን ያለ ስብከት ይረዱታል።

ከጠያቂዋ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። በእሹሩሩው ጥያቄ ለመጀመር ወስኛለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥራውን በምን ልመዝነው? ለዘፈን ወይም ለሥዕል ከመቶ ነጥብ መስጠት አልዋጥልህ ብሎኛል፤ ነጥብ የሌለውን ሥራ ደግሞ በትምህርት ቤታችን ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ምላሽ (የሒሳብ መምህር)

በመጀመሪያ የሙዚቃ መምህርቷ ያነሡትን ነጥብ እቀበላለሁ፤ ለዚህም ነው ሶናን ሳስተምር ልጆቹ ሥዕሉን ከተረት ጋር እንዲያቀርቡ የማደርገው። ምዘናውን በተመለከተ የድምፅ ማማርን ወይም የሥዕልን ውበት አልመዝንም፤ በዚህ ዕድሜ ያ ብዙውን ጊዜ ቤት ውስጥ ያገኙትን ልምምድ እንጂ በክፍል የተማሩትን አያሳይም። የምመለከተው ልጁ ሥራውን ከመጀመሪያው ሙከራ ወዲህ ምን እንዳሻሻለ፣ ለምን እንዲያ እንዳደረገ ማስረዳቱን፣ ወጉን ከማን እንደተማረ መናገር መቻሉን ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ማኅደር ይክፈቱና የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም ሥራ ቀን ጽፈው ያስቀምጡ፤ የተበላሸው ወረቀትም እንዳይጣል። ለእሹሩሩው ከሆነ፣ የቋንቋ ነጥቡን ልጁ ዘፈኑን ከቤተሰቡ ጠይቆ በጻፈበት ጽሑፍ ላይ መስጠት ይችላሉ፤ ዜማውን ግን ያለ ነጥብ ይዘምሩት። ወላጆች ለስብሰባ ሲመጡ ከውጤት ካርዱ በፊት ማኅደሩን ያቅርቡላቸው፤ ልጁ ራሱ ከአጠገባቸው ቆሞ ቢያስረዳቸው ደግሞ ይበልጥ ይረዱታል።