ለሥራ መመላለሻ ብስክሌት የትኛው ጎማ ይሻላል?

ጥያቄ፦ በየቀኑ ወደ ሥራ የምመላለስበት ብስክሌት 700 በ25 (ስፋቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ) ጎማ የተገጠመለት ሲሆን፣ የኋላው ስላለቀ ዋጋው የማይከብድ፣ በቀላሉ የማይበሳና ፈጥኖ የሚሽከረከር ምትክ እፈልጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ቴላዮውና ፍሬኑ ቦታ ካላቸው 28 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይግጠሙ፤ ሰፋ ያለ ጎማ ንፋሱ ቀነስ ተደርጎ ሲነዳ የሻካራ አስፋልት ንዝረትን ስለሚውጥ ጉልበት አያባክንም። ጠርዙ ሽቦ የሆነው ዓይነት ከሚታጠፈው ጥቂት ቢከብድም በዋጋ ይረክሳል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ነገር ግን መበሳትን የሚከላከለው ንጣፍ በወፈረ መጠን ጎማው መተጣጠፉ እየቀነሰ ፍጥነቱን ይቀንሳልና፣ እንደ ሽቫልበ ማራቶን ያለውን ከባድ ጎማ እሾህና ስባሪ ለሚበዛበት መንገድ ቢመርጡት ይሻላል።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። አዲሱን ከኋላ ልግጠመው?

መልስ፦ የፊቱን ወደ ኋላ አዛውረው አዲሱን ከፊት ያድርጉት፤ የፊት ጎማ ሲፈነዳ ብስክሌቱን መቆጣጠር እጅግ ይከብዳል።