ክርክር፦ የሥነ አእምሮ ነርስ ጠበል ቦታ ይመደብ ወይስ ሆስፒታል ይቀመጥ?

አወያይ፦ ወገኖች፣ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች የአእምሮ ሕክምና አንድ ተጨማሪ ባለሙያ ቢገኝ የት ይመደብ? ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይስ እንደ ሸንኮራ ዮሐንስና ጻድቃኔ ማርያም ባሉ ጠበል ቦታዎች አጠገብ?

መምህር ከመሐል ሜዳ፦ ያለ ማመንታት ጠበሉ አጠገብ። ልጅ ሲታመም ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ጎበዝ የነበረ ተማሪ ደብተሩን ይጥላል፣ ሌሊቱን አይተኛም፣ ለብቻው ያወራል። አባት በመጀመሪያ ይቆጣዋል። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው»፣ «መተት ነው» ይላል። ከዚያ ስንቅ ተቋጥሮ ጠበል ይኬዳል። ሐኪም የሚያየው፣ ዕድለኛ ከሆነ፣ በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው።

በዕድሜ ዘመን ከሚከሰቱ የአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ከ14 ዓመት በፊት፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ ከ24 ዓመት በፊት እንደሚጀምሩ አንድ የታወቀ ጥናት አመልክቷል። ይህ እኔ ፊት ለፊቴ የማስቀምጣቸው ልጆች ዕድሜ ነው። ታማሚዎቹ ጠበል ቦታ ተሰብስበው እያሉ ባለሙያውን ከተማ አስቀምጦ «ለምን አይመጡም?» ማለት ያሳዝነኛል።

ፋርማሲስት ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ሐሳቡን ግን አልቀበልም። ነርሱ ምን ይዞ ነው ጠበል ቦታ የሚቀመጠው? የሚቃዥና የሚጮህ ወጣት ሁሉ የአእምሮ ታማሚ አይደለም። በቆላው ወረዳ ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ሊሆን ይችላል፤ ማጅራት ገትርም ሊሆን ይችላል። ያለ ላቦራቶሪ ይህ አይለይም። አልጋ የሚያስፈልገውስ ወዴት ይሄዳል? መጀመሪያ ሆስፒታሉ ይጠናከር።

ዲያቆን ከምንጃር፦ እኔም ሌላ ስጋት አለኝ። ባለሙያዎች ሲመጡ ብዙ ጊዜ ሰንሰለቱን ፎቶ አንሥተው፣ አስታማሚውን ገሥጸው ይሄዳሉ። ልጁን ያሰረችው እናት ጨካኝ ሆና አይደለም፤ ገደል እንዳይገባባት ፈርታ ነው። እምነታችንን ሊመረምር የሚመጣ ሰው አንፈልግም።

መምህር ከመሐል ሜዳ፦ ዲያቆን፣ እውነትዎን ነው፤ ግሣጼ ማንንም አላዳነም። ነገር ግን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲጀመር የነበረውን ክርክር ያስታውሱ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ እንደማይጋጩም በግልጽ ተናግረዋል። በእንጦጦ ማርያምም የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተግባብተው ሠርተዋል። እዚያ የተቻለ እዚህ ለምን ያቅታል?

እናት ከደብረ ሲና፦ ልጆቼ፣ እኔም ልናገር። ልጄ ከታመመ ቆይቷል። ጠበል አስጠምቄዋለሁ፣ ሐኪም ቤትም ወስጄዋለሁ፤ ሁለቱንም አልነቅፍም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ተስማምቶት መሥራት ጀምሮ ነበር። ከዚያ ከአንድ ጤና ጣቢያ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባልን። የውጭውን ለጥቂት ጊዜ ገዛሁ፤ ከዚያ አቃተኝ፤ ሕመሙም ተመለሰ። እኅቱ እርሱን ለመጠበቅ ከትምህርት ቤት ቀረች። ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ እርስዋ የጠየቀ አንድም ባለሙያ የለም። እኔንም «ትተኛለሽ ወይ?» ያለኝ የለም።

ጤና መኮንን ከሸዋ ሮቢት፦ እናቴ፣ የተናገሩት የጉዳዩ እምብርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው መርሐ ግብር ስፔሻሊስት ያልሆነ የጤና ሠራተኛ ሥልጠና ወስዶ ድባቴን፣ የሚጥል በሽታንና ከባድ የአእምሮ ሕመምን በጤና ጣቢያ እንዲያክም ነው። አገራችንም ቀድመው ከሞከሩት አንዷ ናት። ሥልጠና የወሰደ ሰው ግን መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ምን ይሠራል? ሁሉን ታማሚ ጠበል ቦታ ብቻ መፈለግም አይበቃም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የሸሹ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ያዩትን ያዩ ልጆች አሉ። አይጮሁም፤ ዝም ብለው ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። እነርሱን ቀድሞ የሚያያቸው መምህሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናቸው።

ዲያቆን ከምንጃር፦ እንግዲህ ባለሙያው በአጥማቂው ፈቃድ ከመጣ፣ መድኃኒቱም ጾም ከተፈታ በኋላ ማታ የሚወሰድ ከሆነ እኔ አልቃወምም። ማታ መውሰድ ይቻላል?

ፋርማሲስት ከደብረ ብርሃን፦ ብዙዎቹን፣ አዎን፤ ሐኪሙ ያስተካክለዋል። በወር አንድ ጊዜ የሚሰጥ መርፌም አለ። ስለ መድኃኒቱ ማለቅ ግን አንድ ነገር ላስረዳ። ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚጠይቀው በየሁለት ወሩ፣ ባለፈው ጊዜ ያወጣውን አይቶ ነው። ታማሚው ጠበል ቦታ ሆኖ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ ፍጆታው ዝቅተኛ ይመስላል፤ ጥቂት ይጠየቃል፤ ጥቂት ይመጣል፤ ቶሎ ያልቃል። ያጣ ሰው ደግሞ አይመለስም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቁጥሩ ይብሱን ያንሳል።

መምህር ከመሐል ሜዳ፦ ታዲያ ይህ የእኔን ሐሳብ አይደግፍም?

ፋርማሲስት ከደብረ ብርሃን፦ በአንድ ቅድመ ሁኔታ ይደግፋል። ነርሱ የአቅራቢያው ጤና ጣቢያ ሠራተኛ ይሁን፤ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ጠበሉ ዘንድ ይዋል፤ ያያቸውን ሁሉ በጤና ጣቢያው መዝገብ ያስፍር፤ ትኩሳት ያለበትን በዚያው ቀን ወደ ላቦራቶሪ ይላክ። አስታማሚዋም በዚያው መዝገብ ስሟ ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።

እናት ከደብረ ሲና፦ የልጄ እኅትም ትጻፍ።