የኮሌጅ ልጆቻችን የተራራ ክበብ፦ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የእግር ጉዞ ማኅበራችን አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተሰጠኝ ኃላፊነት መሠረት የረቂቁን መግቢያ ለአስተያየት አቅርቤአለሁ። የሐሳቡ ዓላማ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ኮሌጆች የሚማሩ ልጆቻችን ከማኅበራችን ጋር የተያያዘ የራሳቸው ክበብ እንዲያቋቁሙ ማገዝ ሲሆን፣ ለአብነት የመረጥነው በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በሃኖቨር ከተማ የሚገኘውን የዳርትመዝ ኮሌጅ ክበብ ነው። በአሜሪካ ካሉት የዚህ ዓይነት የኮሌጅ ክበቦች በዕድሜ ቀዳሚው እርሱ ነው።

ክበቡ የተጠነሰሰው በ1909 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሬድ ሃሪስ የተባለ ተማሪ ለኮሌጁ ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ነው። በዚያ አገር በረዶው ለወራት ስለሚቆይ፣ ተማሪው ቤት ውስጥ ተከቶ ከሚከርም የበረዶ መንሸራተቻና የበረዶ መራመጃ ጫማ አድርጎ ወደ ተራራው ይውጣ የሚል ጥሪ ነበር። በ1911 የበረዶ ካርኒቫል የተባለው በዓል ለመጀመሪያ ጊዜ ተከበረ፤ በ1913 ደግሞ የክበቡ የመጀመሪያ ጎጆ በሙስ ተራራ ተሠራች። ሃሪስ በ1920 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ስለ ኒው ሃምፕሸር የበረዶ ጉዞ ከጻፈ በኋላ የኮሌጁ ስም በሩቅ ተሰማ፤ አመልካቹም በዛ። በ1927 በሙሲሎክ ተራራ የጋሪ መንገድ ላይ የቁልቁለት መንሸራተት ውድድር ተደረገ፤ በ1933 የመጀመሪያው የአሜሪካ ብሔራዊ የቁልቁለት ሻምፒዮና የተካሄደውም እዚያው ተራራ ላይ ነበር።

ከዚህ ታሪክ በመነሳት ረቂቁ ሦስት ሐሳቦችን ያቀርባል፤ አንደኛ ዓመታዊ የተራራ በዓል እንዲኖር፣ ሁለተኛ ለአዲስ ተማሪዎች የመተዋወቂያ ጉዞ እንዲዘጋጅ፣ ሦስተኛ ክበቡ ከተቻለ በመንገድ ጥገና እንዲሳተፍ። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

አባል፣ ከጉዞ ኮሚቴ፦
ጸሐፊያችን ለደከሙበት ሥራ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ሆኖም ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ይታየኛል። በዓሉን አስቀድመን ጥገናውን «ከተቻለ» ብለን ጭራ ላይ ማስቀመጣችን ክበቡን ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየውን ነገር እንደ ትርፍ ሥራ መቁጠር ነው። ካርኒቫሉ ስም አስጠርቷል፤ የዳርትመዝ ልጆች ግን የአፓላችያን መንገድ ከተባለው ረጅም የተራራ የእግር መንገድ ከ50 ማይል በላይ የሆነ ክፍል በኃላፊነት ይዘው ይጠብቃሉ፣ ጎጆና መጠለያም ይሠራሉ። የተመረቀው ሲሄድ የገባው መጥረቢያውን ይረከባል። መንገዱ በሃኖቨር ከተማ መሐል ስለሚያልፍም፣ ተማሪው ከመማሪያ ክፍሉ ወጥቶ ጥቂት እንደተራመደ በዛፍና በእንጨት ምሰሶ ላይ የተቀባውን ነጭ ምልክት ያገኘዋል።

ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። እኛ በሜሪላንድ ወደ አናፖሊስ ሮክስ ስንወጣ የምንረግጠው ያንኑ መንገድ ነው። ሐሳቡ በ1921 ቀርቦ በ1937 ከጫፍ እስከ ጫፍ የተገናኘው፣ 14 ግዛቶችን የሚያቋርጠው የአፓላችያን መንገድ በየአካባቢው በበጎ ፈቃደኞች ይጠበቃል፤ የእኛን አካባቢ ክፍል የሚጠብቀውም በ1927 በዋሽንግተን የተመሠረተው የፖቶማክ አፓላችያን መንገድ ክበብ ነው። ይህ ክበብ 240 ማይል ያህሉን ከፋፍሎ ለበጎ ፈቃደኞች ያስረክባል። ልጆቻችን አንድ ወይም ሁለት ማይል ቢረከቡ ክበባቸው የሚጠይቀው ሥራ ከየሴሚስተሩ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በዓል ግን አዘጋጁ የተመረቀ ዓመት ይቀራል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ፤ ጉባኤው ግን «ጥገና ማለት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በረቂቁ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ወጪውም እንዲሁ።

አባል፣ ከጉዞ ኮሚቴ፦
ልክ ነዎት። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ቀን የዋለ ሰው የሚያውቀው፣ የተራራ መንገድ ዋና ጠላት ተጓዡ ሳይሆን ውሃ መሆኑን ነው። ዝናብ መንገዱን ይዞ ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያገጠዋል፤ ተጓዡም ድንጋዩን ሽሽት ከዳር ዳር ሲረግጥ መንገዱ ይሰፋል። ስለዚህ ግንድ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ በመንገዱ ላይ አግድመት፣ ወደ ቁልቁለቱ ዘንበል ተደርጎ ይቀበርና ውሃውን ወደ ጎን ያስወጣዋል። መውጫው በቅጠልና በደለል በተደፈነ ቁጥር በዶማና በአካፋ ይጠረጋል። የቀረው የተንሰራፋ ቅርንጫፍ መቁረጥና ምልክት ማደስ ነው፤ ምልክቱ ወርዱ 2 ኢንች፣ ቁመቱ 6 ኢንች የሆነ ነጭ ቀለም ሲሆን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ሁለት ሆኖ ሲቀባ መታጠፊያ እንዳለ ያስጠነቅቃል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ዶማ፣ መጋዝ፣ ጓንትና የቤንዚን ወጪ ነው። በሞተር መጋዝ መሥራት ግን ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ስለሚጠይቅ ልጆቹ አይነኩትም።

ተማሪ አባል፦
አባቶቼና እናቶቼ፣ የጋሼን ሐሳብ ተቀብዬ ስለ ሁለተኛው ነጥብ ልናገር። ዳርትመዝ ከ1935 ጀምሮ አዲስ ተማሪዎችን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በነባር ተማሪዎች መሪነት ወደ ተራራ ይወስዳል፤ ጉዞውም በሙሲሎክ ግርጌ ባለው የክበቡ ማረፊያ አብሮ በመብላትና በመጨፈር የመቋጨት ልማድ አለው። መሪው አስተማሪ ወይም ወላጅ አለመሆኑ ዋና ነገር ነው። ታላላቆቻችን መኪና ብታውሱንና ልምድ ብታካፍሉን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን የጉዞው መሪ ተማሪ እንዲሆን በረቂቁ ይጻፍልን፤ ካልሆነ ልጆቹ የወላጆቻቸው ማኅበር ሽርሽር ነው ብለው ይቀራሉ።

አባል፣ ከምዝገባ ክፍል፦
መግቢያው አንድ ነገር ዘሏል። ዳርትመዝ ሴት ተማሪዎችን በመደበኛነት የተቀበለው በ1972 ነው። ከዚያ በፊት ሴቶች ወደ ካርኒቫሉ የሚመጡት በእንግድነት፣ ለጭፈራና ለውበት ውድድር ነበር፤ ጎጆውን የሚሠራውና መንገዱን የሚቆርጠው ወንዱ ነበር። ይህን የምጽፈው የሩቁን ኮሌጅ ለመውቀስ አይደለም፤ በእኛም ጉዞ ወንዶቹ ጫፍ ወጥተው ፎቶ ሲነሱ፣ ከመኪና ማቆሚያው ሳንርቅ የእንጀራውን ሣጥንና የቡናውን ፔርሙዝ የምንጠብቅ ሴቶች እንዳለን ስለማውቅ ነው። የክበቡ መሪዎች ቢያንስ ግማሾቹ ሴት ተማሪዎች ይሁኑ፤ ምግብ ማዘጋጀትም በተራ ይመደብ።

ገንዘብ ያዥ፦
የእትዬ ሐሳብ ይግባ። ፔርሙዙን በተመለከተ ተገሥጸናል። ከአባላት አንዱ በስልክ ያነሡልኝ የጎጆ ግንባታ ጉዳይ ግን ያሳስበኛል። ዳርትመዝ የሙሲሎክን ትልቅ ማረፊያ በ1930ዎቹ መጨረሻ ከግንድ ሲሠራ መሬቱ የኮሌጁ ነበር፤ ቤቱም አርጅቶ በ2017 በአዲስ ሲተካ ከጀርባው ኮሌጅና ምሩቃን ነበሩት። እኛ መሬትም ምሩቅም የለንም። የፖቶማኩ ክበብ የሚያከራያቸው ጎጆዎች ስላሉት ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት መከራየት ይበቃናል።

ጸሐፊ፦
አስተያየቶቹን ተቀብዬ ረቂቁን እንደሚከተለው አስተካክያለሁ።

«ማኅበሩ በአካባቢው ኮሌጆች የሚማሩ ልጆቻችን በራሳቸው መሪዎች የሚተዳደር፣ ከመሪዎቹም ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች የሆኑበት የተራራ ክበብ እንዲያቋቁሙ ያግዛል። የክበቡ ቀዳሚ ሥራ በሜሪላንድ ከሚያልፈው የአፓላችያን መንገድ ከሁለት ማይል ያልበለጠ ክፍል ከፖቶማክ አፓላችያን መንገድ ክበብ ተረክቦ መጠበቅ ይሆናል። በየዓመቱ በመስከረም ወር በነባር ተማሪዎች የሚመራ የመተዋወቂያ ጉዞ ይደረጋል፤ ማደሪያውም የኪራይ ጎጆ ይሆናል። ማኅበሩ የእጅ መሣሪያና የመጓጓዣ ወጪ ይሸፍናል፤ የሞተር መጋዝ ሥራ በክበቡ አባላት አይከናወንም።»

ዓመታዊው በዓል ከረቂቁ ወጥቷል፤ ልጆቹ ከፈለጉት ራሳቸው ያመጡታል። ገንዘብ ያዣችን የመሣሪያውን ዋጋ ዝርዝር፣ ተማሪ አባላችን ደግሞ ፈቃደኛ ተማሪዎች ያሉባቸውን ኮሌጆች እስከሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።