እናቴ ሆስፒታል ተኝታ «ቻፕሊን ነኝ» የምትል ሴት መጣችባት፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)
ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ልቧን ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። እንግሊዝኛ አትችልም። ትናንት አንዲት ሴት ባጅ አንጠልጥላ መጣችና «ቻፕሊን ነኝ፣ ልጸልይልዎ?» አለቻት። እማዬ ክው አለች። «ልሞት ነው እንዴ? ለምን ደበቅሽኝ?» ብላ አለቀሰችብኝ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ ሃይማኖቷን ሊያስቀይሯት ይሆን? ክፍያስ አለው? ነገ ደግሞ ኤምአርአይ የሚባል የምስል ምርመራ አላት፤ ማዕተብሽን ፍቺ ተብላ ሌሊቱን አልተኛችም። ንስሐ አባቷ መጥተው ቢያቆርቧት ደስ ይለናል። ማንን ላናግር?

ቻፕሊን ነኝ (ቴክሳስ)
እግዚአብሔር ይማርልሽ እህቴ። መጀመሪያ እማማን አረጋጊያቸው። ቻፕሊን ማለት ሕመምተኛንና ቤተሰቡን በመንፈስ የሚያጽናና የሆስፒታል አገልጋይ ነው። እኛ የምንገባው ሰው ሊሞት ሲል ብቻ አይደለም። ዛሬ የተኛውንም፣ ነገ ቤቱ የሚሄደውንም እንጠይቃለን። ሃይማኖት ማስቀየር በሙያችን ሥነ ምግባር ክልክል ነው። ክፍያ የለውም። «አልፈልግም» ቢሉም መብታቸው ነው፣ ማንም አይቀየማቸውም።

አሁን ነርሷን «ቻፕሊኗን ጥሪልኝ» በያት። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ወይም በቪዲዮ ጠይቂ፤ ነፃ ነው። እባክሽ አንቺ አታስተርጉሚ። እናት ልጇ ፊት የማታወጣው ስንት ጭንቀት አለ! መዝገባቸው ላይ ሃይማኖታቸው «ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ» ተብሎ መጻፉንም እዪ። ሂፓ የሚባለው የታካሚ ምስጢር ሕግ፣ ታካሚው ካልተቃወመ የሃይማኖት አባት ሲመጣ ያለበትን ክፍል እንዲነግሩት ይፈቅዳል።

የዚህ ሙያ የተግባር ሥልጠና ሲጀመርም እንዲሁ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 ማሳቹሴትስ፣ ዉስተር በሚገኝ የአእምሮ ሆስፒታል የተማሪዎች ሥልጠና የጀመሩት ቄስ አንተን ቦይሰን፣ ቀደም ብለው ራሳቸው በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ዛሬ ሙሉ የሙያ ማረጋገጫ ለማግኘት በአብዛኛው ማስተርስና 1,600 ሰዓት ተግባራዊ ሥልጠና ይጠየቃል። ስለዚህ የመጣችው ሴት ዝም ብላ የገባች ሰባኪ አይደለችም።

ነርስ ነኝ
ስለ ማዕተቡ፦ ኤምአርአይ ማሽኑ ማግኔት ስለሆነ የብረት መስቀል የግድ ይወልቃል። ብረት የሌለው የጥጥ ክር ግን ሌላ ነገር ነው። ቻፕሊኗ ከኤምአርአይ ባለሙያው ጋር ቀድማ ትነጋገርላችሁ። ይውለቅ ካሉም ማንም በመቀስ እንዳይቆርጠው። ራሳቸው ይፍቱት፣ አንቺ ያዢላቸው፣ እንደወጡ እሰሪላቸው።

ጸበል ለማጠጣት ነርሷን ጠይቂ። የልብ ሕመምተኛ አንዳንዴ ፈሳሽ ይመጠንበታል፤ ከምርመራ በፊት በአፍ ምንም አይውሰዱ ከተባለም አንድ ጉንጭ ይቆጠራል። ጧፍና ዕጣን ኦክስጅን ባለበት ክፍል ፈጽሞ አይቻልም።

ዲያቆን
ምሕረቱን ያውርድላቸው። ቁርባን ስለማያድር፣ አባ የሚመጡት በቅዳሴው ዕለት ነው። ከዲያቆን ጋር ስለሚሆኑ ቀድመሽ ለቻፕሊኗ ንገሪያት፤ በዚያ ሰዓት ሐኪምና ምግብ እንዳይገባ ትጠይቅላችኋለች። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ንገሪ። አባ «አራት ሰዓት» ሲሉ ጠዋት አሥር ማለታቸው ነው፤ በዚህ ብዙ ሰው ይተላለፋል። ስለ መድኃኒትና ጾሙ አባ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። የቀንዲል ጸሎት ከፈለጋችሁም ጠይቋቸው።

መርከበኛ
እኔ ያየሁት ወደብ ላይ ነው። ወራት ባሕር ላይ ቆይተን ስንቆም የወደብ ቻፕሊን መርከቡ ላይ ወጣ። ሲም ካርድ ይዞ ነበር። ሃይማኖቴን ሳይጠይቅ «ቤተሰብህ ደህና ናቸው?» አለኝ። ከዚያ በመኪናው ከተማ ወሰደን። እህቴ፣ አትፍሪያት።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እፎይ አልኩ። ሌሊት ቢብስባትስ፣ ያኔም ይመጣሉ?

ቻፕሊን ነኝ (ቴክሳስ)
ትልልቅ ሆስፒታሎች የሌሊት ተረኛ ቻፕሊን አላቸው። ነርሷ ትጠራልሻለች፤ ካልሆነ ዋናውን ስልክ ደውለሽ «ተረኛ ቻፕሊን» በይ። የንስሐ አባታቸውንም ቁጥር ዛሬውኑ ለቻፕሊኗ ስጪያት።