ዲኤፍ «ሞልቷል» ሲል ዱ «ገና ነው» ይላል፦ የኤክስት4 የቦታ ቆጠራ ባግ እንዳይመለስ ምን ዓይነት ቴስት ልጻፍ?

የፒያሳው (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የስካን ሰነዶች የሚቀመጡበት ሰርቨር አለን። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) የሊኑክሱ ኤክስት4 ነው፣ ከርነሉን (የሊኑክስን ዋና ክፍል) የምንገነባው ራሳችን ነን። ዲኤፍ (የፋይል ሲስተሙን የተያዘና ነጻ ቦታ የሚያሳየው ትእዛዝ) የተያዘ ነው የሚለው ቦታ ቀስ በቀስ ያድጋል፣ ዱ (የፋይሎችን መጠን የሚደምረው) ግን ያን ያህል ፋይል አያገኝም። ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግ ልዩነቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ምክንያቱ ታውቋል፤ ጽሕፈት መሃል ላይ ሲቋረጥ አስቀድሞ የተያዘለት ቦታ የማይለቀቅበት መንገድ ነበር፣ ፓችም (ማስተካከያ ኮድ) አለው። አሁን የሚያስፈልገኝ ከርነል በቀየርን ቁጥር ባጉ አለመመለሱን የሚያረጋግጥ ሪግረሽን ቴስት ነው።

የጻፍኩት እንዲህ ይሠራል። 100 ሜጋባይት ምስል ፋይል ላይ ኤክስት4 ያዘጋጅና በሉፕ (ፋይልን እንደ ዲስክ በሚያቀርበው) ማውንት ያደርጋል፣ ማለትም ለአገልግሎት ያገናኘዋል፤ «ሥራ» የሚል ማውጫ ከፍቶ የዲኤፍን «አቬይለብል» አምድ ይመዘግባል፤ ግማሹ የማይነበብ ባፈር (የሜሞሪ ክፍል) ለራይት (ለመጻፊያው ጥሪ) እየሰጠ 1000 ፋይል ይጽፋል፤ ፋይሎቹን ሰርዞ ሲንክ (ሜሞሪ ላይ ያለውን ወደ ዲስክ አውርድ) ካለ በኋላ ዲኤፍን ደግሞ ያነባል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ቴስቱ ወደቀ።

ያልገባኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፓች የሌለው ያው አንድ ከርነል 8 ኮር ባለው ላፕቶፕ ላይ ባጉን ያሳያል፣ 64 ኮር ባለው ሰርቨር ላይ ግን ቴስቱ ሁልጊዜ ያልፋል። ሁለተኛ፣ ፓች ባለበት ከርነል ላይም ትንሽ ቦታ ጎድሎ ይቀራል፤ የፋይሎቹን ብዛት ስጨምር ጉድለቱም ይጨምራል።

አንገረብ ዳር

ሁለተኛው ቀላል ስለሆነ ከሱ ልጀምር። የጎደለው ማውጫው ራሱ የያዘው ቦታ ነው። ኤክስት4 ፋይል ሲሰረዝ የማውጫውን ብሎኮች (ቦታ የሚመደብባቸው እኩል ቁርጥራጮች) መልሶ አይለቅም፤ አንዴ ያደገ ማውጫ ባዶ ቢሆንም እንዳደገ ይቀራል። ስሙ 12 የላቲን ፊደል የሆነ ፋይል ማውጫው ውስጥ 20 ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ በ4096 ባይት ብሎክ ውስጥ ቢበዛ 204 ስም ይገባል። 1000 ፋይል ካልክ ቢያንስ 5 ብሎክ ነው፤ ብሎኮቹ ሲከፈሉ ግማሽ ባዶ ስለሚቀሩ በተግባር ከዚያ ይበልጣል። የመነሻውን ቁጥር ማውጫውን ከመክፈትህ በፊት ውሰድ፣ በመጨረሻም ፋይሎቹን ብቻ ሳይሆን ማውጫውንም አጥፋ።

«አቬይለብል» የሚለውን አምድም ተወው። እሱ ለሩት ተጠቃሚ የተያዘውን ቦታ (ካልቀየርከው 5 በመቶ) ቀንሶ ነው የሚያሳየው፣ ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ 0 ላይ ቆሞ ልዩነቱን ይደብቅብሃል። «ስታት -ኤፍ -ሲ %ኤፍ» ብለህ ነጻ ብሎኮችን በቀጥታ አንብብ።

ምስሉን ስታዘጋጅ ምርጫዎቹን ራስህ ጻፋቸው፦ «-ቢ 4096 -ኤም 0»። ለትንሽ ምስል የማዘጋጃው ትእዛዝ በራሱ 1024 ባይት ብሎክ ሊመርጥ ይችላል፣ እንደ ቨርዥኑ ይለያያል። «ሌዚ_አይቴብል_ኢኒት=0» የሚለውንም ጨምር፤ ያለዚያ ከበስተጀርባ የሚሠራው ማጽዳት ቁጥሩን ይረብሸዋል።

ቀሃ ማዶ

አንገረብ ያለው ልክ ነው፣ የመጨረሻዋ ግን ትታረም። የአይኖድ (የእያንዳንዱ ፋይል መዝገብ) ሰንጠረዡ ብሎኮች ፋይል ሲስተሙ ሲዘጋጅ አብረው እንደተያዙ ተቆጥረዋል። በኋላ በዜሮ ቢሞሉም ባይሞሉም የነጻ ብሎክ ቁጥር አይነካም። ምርጫው አይጎዳም፣ የዲስክ ጫጫታ ይቀንሳል፣ ግን ለቁጥር ልዩነት ምክንያት ተደርጎ እንዳይያዝ።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ወንድምዓለም። ላፕቶፕህና ሰርቨርህ የተለያዩት ሰርቨሩ ላይ ቴስቱ ባጉ ያለበትን መንገድ ጭራሽ ስለማይረግጠው ነው። የተጠቀሰው ቦታ መያዝ ያለው በዴሌይድ አሎኬሽን ነው፤ ራይት ሲመጣ ብሎኩ አይመደብም፣ «ይያዝልኝ» ተብሎ ቆጣሪ ላይ ብቻ ይጻፋል። ኤክስት4 ግን ነጻ ቦታው አንሷል ብሎ ሲያስብ ይህን አሠራር ትቶ ብሎኩን ወዲያው መመደብ ይጀምራል። ወሰኑ ከኮር ብዛት ጋር ይያያዛል፦ 4 ሲባዛ በቆጣሪው የባች መጠን (እያንዳንዱ ኮር ወደ ጠቅላላው ሳይደምር ለብቻው የሚያጠራቅመው ልክ) ሲባዛ በሲፒዩ ብዛት። ባቹ ከ32 አያንስም፣ ኮሮቹ ሲበዙ የኮሮቹ እጥፍ ይሆናል።

ላፕቶፕህ ላይ 4 × 32 × 8 = 1024 ብሎክ ነው፣ ብሎኩ 4096 ባይት ከሆነ 4 ሜጋባይት። ሰርቨሩ ላይ 4 × 128 × 64 = 32768 ብሎክ፣ 128 ሜጋባይት። ያንተ ምስል በጠቅላላው 100 ሜጋባይት፣ ማለትም 25600 ብሎክ ነው። ከተዘጋጀባት ደቂቃ ጀምሮ ከወሰኑ በታች ስለሆነ ሰርቨሩ ላይ አንድም ጊዜ ዴሌይድ አሎኬሽን አልተጠቀመም። ቴስቱ ያለፈው ምንም ስላልፈተነ ነው።

ምስሉን 1 ጊጋባይት አድርገው። «ትራንኬት -ኤስ 1ጂ» ባዶ ፋይል ስለሚፈጥር ዲስክህ ላይ ያን ያህል ቦታ አይወስድም። ከዚያ በላይ ግን ቴስቱ መንገዱን መርገጡን ራሱ ያረጋግጥ፦ 1 ሜጋባይት ጻፍ፣ ሲንክ ሳትል በ/ሲስ/ኤፍኤስ/ኤክስት4/ሉፕ0/ ስር ያለውን «ዴሌይድ_አሎኬሽን_ብሎክስ» አንብብ። 256 ገደማ ሊታይ ይገባል። 0 ካየህ ቴስቱ «አልተካሄደም» ብሎ ይውጣ፤ «አለፈ» እንዳይል። (የሉፑን ቁጥር 0 ብለህ በድፍን አትጻፍ፤ የሉፕ ትእዛዙ የመለሰልህን ስም ያዝ።)

አራዳ

እኔ የማየው ቴስቱ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚያወዳድር ነው። ቦታ የሚቆጠርባቸው ቦታዎች ሦስት ናቸው፤ ባጉ የትኛው ላይ እንዳለ የሚለየው ሦስቱን በቅደም ተከተል ስታነብ ነው። አንዱ በእያንዳንዱ ፋይል አይኖድ ላይ ያለው የብሎክ ቁጥር ነው (ስታት የሚያሳየው በ512 ባይት ልክ ነው፣ የፋይል ሲስተሙ ብሎክ 4096 ቢሆንም እንኳ)። ሁለተኛው ከርነሉ ሜሞሪ ውስጥ የያዘው ቆጣሪ፣ ሦስተኛው ዲስክ ላይ ያለው ቢትማፕ (የትኛው ብሎክ እንደተያዘ የሚያሳየው ካርታ)።

ስለዚህ እንዲህ ይሂድ። ማውንት አድርግ፣ ሲንክ በል፣ ነጻውን ብሎክ አንብበህ «ሀ» በለው። ሥራውን ሠርተህ ሁሉንም ሰርዝ፣ ሲንክ፣ አንብብ፣ «ለ»። እዚህ ላይ «ዴሌይድ_አሎኬሽን_ብሎክስ» 0 መሆን አለበት። ማውንቱን ንቀልና ቼኩን፣ የፋይል ሲስተም መፈተሻውን «ኢ2ኤፍኤስሲኬ -ኤፍ -ኤን»ን፣ አስኪድ፤ ንጹህ ከሆነ 0 ይመልሳል፣ ሳይታረም የቀረ ስህተት ካለ 4። መልሰህ ማውንት አድርግ፣ አንብብ፣ «ሐ»።

«ለ» ከ«ሀ» አንሶ «ሐ» ከ«ሀ» ጋር እኩል ከሆነ የሜሞሪ ቆጣሪ ብቻ ነው የፈሰሰው። ያንተ ባግ ይሄ ነው፣ ሪስታርት የሚያጠፋውም ለዚህ ነው፤ ማውንት ሲደረግ የ«ይያዝልኝ» ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። «ለ» እና «ሐ» እኩል ሆነው ሁለቱም ከ«ሀ» ካነሱ ብሎኩ ዲስክ ላይ ጠፍቷል፣ ቼኩም ዝም አይልም። «ለ» ከ«ሀ» ከበለጠስ? አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ተለቋል ማለት ነው። ብዙ ሰው «ቦታ ተረፈ» ብሎ ያልፈዋል፤ ለእኔ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ከርነሉ የሌለውን ቦታ «አለ» ብሎ ራይትን ይቀበላል፣ በኋላ ወደ ዲስክ ሲያወርደው ቦታ ያጣል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ «ተጽፏል» ተብሎ ከሄደ ቆይቷል። ቴስትህ «አንሷል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «እኩል ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

የአይኖዱን ቁጥር ስታይ ፋይሉ ሳይሰረዝ መሆን አለበት። ሲሳሳት ቼኩ የአይኖዱን ቁጥር ጠርቶ «24 ነው፣ 16 መሆን ነበረበት» ዓይነት መስመር ያወጣል። ስለዚህ ከመሰረዝህ በፊትም አንድ ጊዜ ነቅለህ ብታስፈትሽ አይከፋም።

የፒያሳው

አንገረብ፣ ቀሃ፣ አራዳ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ሰው በውስጥ «ትንሽ ልዩነት ሁሌም አለ፣ 5 በመቶ ፍቀድ» አለኝ። ልፍቀድ?

ቀሃ ማዶ

አትፍቀድ። የ1 ጊጋባይት 5 በመቶ ከ13000 ብሎክ ይበልጣል፤ በአንድ ፋይል አንድ ብሎክ የሚያፈስ ባግ 1000 ጊዜ ተደጋግሞም ከዚያ በታች ነው። አዲስ ኤክስት4 ላይ፣ ማውጫው ከጠፋና የተከፈተ ፋይል ከሌለ፣ ልዩነቱ ልክ 0 መሆን አለበት። 0 ካልሆነ ምክንያቱን ፈልግለት። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ስክሪፕቱ ራሱ ነው፤ ፋይል ከፍቶ ሳይዘጋ ሰርዞታል። ስሙ ቢጠፋም የያዘው ፕሮሰስ እስኪዘጋው ብሎኮቹ አይለቀቁም። «ኤልኤስኦኤፍ +ኤል1» ያሳይሃል።

አሁን የሚከሽፈው ራይት ላይ እናተኩር፣ ዋናው እዚህ ነው። «ግማሹ የማይነበብ» ያልከው ባፈር እንዴት እንደተሠራ አላወቅንም። በሲ እንዲህ አድርገው፦ በኤምማፕ (ሜሞሪ መጠየቂያው ጥሪ) 2 ገጽ (8192 ባይት) ውሰድ፣ ሁለተኛውን ገጽ በኤምፕሮቴክት (የሜሞሪ ፈቃድ መቀየሪያው) ፈጽሞ የማይነካ አድርገው። ከዚያ ከመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ 100 ባይት ቀድመህ ጀምረህ 4096 ባይት ጻፍ በል። መልሱ 100 መሆን አለበት፣ ቴስቱም ይህን ያረጋግጥ። -1 ከመለሰ ባፈሩ ከመነሻው የማይነበበው ገጽ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ከርነሎች ደግሞ ያኔ ቦታ ከመያዙ በፊት ነው የሚመለሰው፣ ስለዚህ መንገዱን ዳግም ሳትረግጠው ትቀራለህ።

ያንኑ ቴስት በ«-ቢ 1024»ም አስኪደው። ገጹ 4096፣ ብሎኩ 1024 ሲሆን ለአንድ ገጽ 4 ብሎክ ይያዛል፣ ቅጂው ግን 100 ባይት ላይ ይቆማል። የቀሩት ብሎኮች ዕጣ የሚፈተነው እዚህ ነው፤ በ4096 ብሎክ ብቻ የሚያልፍ ቴስት ይህን አያየውም።

ደብረ ብርሃን በር

ዲስኩን ሞልቶ ራይቱ እንዲከሽፍ ማድረግስ አይቀልም?

ቀሃ ማዶ

ለዚህ ባግ አይሆንም፣ በላይኛው ምክንያት፦ ሊሞላ ሲል ዴሌይድ አሎኬሽን ይጠፋል። ቦታ ሲያልቅ ብቻ የሚወጡ ሌሎች ባጎች አሉ፣ ለእነሱ ግን የተለየ ቴስት ጻፍ። ሁለቱን አንድ ስክሪፕት ውስጥ ስትቀላቅል የትኛው እንደጣለህ አታውቅም።

ማራኪ

ቴስቱን ወደ ሌሎቹ ፋይል ሲስተሞች፣ ወደ ቢቲአርኤፍኤስ ወይም ኤክስኤፍኤስ፣ ለመውሰድ ላሰበ ባጭሩ፦ «ልዩነቱ ልክ 0» የሚለው ሕግ እንዳለ አይሄድም። ኤክስኤፍኤስ ለሚያድግ ፋይል ከመጨረሻው አልፎ ቦታ ቀድሞ ይመድባል፣ ስለዚህ የአይኖዱ ብሎክ ከፋይሉ መጠን ሊበልጥ ይችላል፤ ይሄ ባግ አይደለም። አዳዲሶቹ መሣሪያዎቹ ከ300 ሜጋባይት በታች ምስል አያዘጋጁም። ቢቲአርኤፍኤስ ላይ የተሰረዘ ቦታ ትራንዛክሽኑ ሲዘጋ ነው የሚመለሰው፣ ዲኤፍ የሚያሳየውም ግምት ነው። እዚያ የሚታየው በ/ሲስ/ኤፍኤስ/ቢቲአርኤፍኤስ/ ስር፣ በአሎኬሽን ማውጫ ውስጥ የዳታው «ባይትስ_ሜይ_ዩዝ» ነው፤ ከሲንክ በኋላ 0 መሆን አለበት። የሜታዳታው ግን መጠባበቂያ ስላለበት 0 አይሆንም፣ እሱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ።

ደብረ ብርሃን በር

መብራት ሲጠፋስ? እኛ ሰፈር እኮ ሳይነገረን ነው የሚሄደው።

አራዳ

የሜሞሪ ቆጣሪ መፍሰስ ከመብራት ጋር አብሮ ይሄዳል፣ ለዚህ ባግ አያሳስብም። የዲስኩን ቢትማፕ መፈተን ከፈለግክ ግን ሶኬት መንቀል አያስፈልግህም። «ኤክስኤፍኤስ_አይኦ» ላይ ሻትዳውን የሚል፣ ፋይል ሲስተሙን ድንገት የሚያቆም ትእዛዝ አለ፣ ስሙ ኤክስኤፍኤስ ቢሆንም ኤክስት4 ላይም ይሠራል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፦ እንዲህ ከወደቀ በኋላ ቼኩን በ«-ኤን» ቀድመህ ብታስኪደው ጆርናሉን (ያላለቁ ለውጦች የሚመዘገቡበትን) ሳያጫውት ስለሚፈትሽ የውሸት ስህተት ያወጣል። መጀመሪያ ማውንት አድርገህ ጆርናሉ ይጫወት፣ ንቀል፣ ከዚያ ፈትሽ። ማውንት ላይ ያለ ፋይል ሲስተምማ ጭራሽ አይፈተሽም።

የፒያሳው

1 ጊጋባይት ምስል፣ 100 ባይቱ ባፈር፣ ማውጫው ጭምር እየጠፋ። ፓቹን አውጥቼ ሰርቨሩ ላይ ሳስኬደው በ1024 ብሎክ «ዴሌይድ_አሎኬሽን_ብሎክስ» ከሲንክ በኋላም 0 አልሆነም፣ «ለ» አንሶ «ሐ» ተመለሰ። ፓቹን ስመልሰው ሦስቱም እኩል ናቸው። በ4096 ብሎክ ፓች ቢኖርም ባይኖርም ያልፋል።

ቀሃ ማዶ

ይበል። የ4096ቱንም አትጣለው፣ ነገ ሌላ ነገር ይይዛል።

ወደ ኤክስኤፍኤስቴስትስ (የፋይል ሲስተም ቴስቶች ስብስብ) ካስገባኸው የብሎክ ቁጥሮቹን ወደ ውጤት ፋይሉ አትጻፍ፤ ገጹ 64 ኪሎባይት የሆነ ማሽን ላይ ቁጥሩ ይለያል። ልዩነቱን ብቻ አስላ፣ እኩል ከሆነ ዝም በል፣ ካልሆነ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ»ን አውጣ። 2 ገጽ ስትል 8192 ብለህ በድፍን አትጻፍ፣ የገጹን መጠን ከሲስተሙ ጠይቅ። ባጉን ያስተካከለውን ኮሚትም (የኮድ ለውጥ መለያ) ቴስቱ ራስጌ ላይ አስፍር፤ ቴስቱ የወደቀበት ሰው ፓቹ እንደጎደለው ወዲያው እንዲያውቅ።

አንገረብ ዳር

ስክሪፕቱ መሃል ላይ ቢቋረጥም ማውንቱን የሚነቅል፣ ሉፑን የሚፈታ ትራፕ ከላይ አስገባ። ያለዚያ የወደቀው ቴስት ሉፑን እንደያዘ ይቀራል፣ ምስል ፋይሉን ብትሰርዘውም ሉፑ ስለያዘው ቦታው አይለቀቅም፤ ዲኤፍና ዱ ደግሞ በዋናው ዲስክ ላይ ይጣሉብሃል።