ቀለም በቋንጣ ማድረቂያ፦ ለሞዴል ሠሪ ልጆቻችን

ጣና ማዶ፦
ጤና ይስጥልኝ ያገሬ ልጆች። የማኅበራችን ልጆች ጎሃ ጽዮንን ከደጀን የሚያገናኘውን የዓባይ በረሃ አዲሱን ድልድይ በ1፡500 መጠን እየሠሩ ነው። አየር መንገዳችን በ1946 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረበት ሲ-47 አውሮፕላንም በ1፡72 አለ። ቀለሙ ኢናሜል፣ ማለትም የዘይት ቀለም ነው። በዚህ ብርድ፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ በሦስተኛው ቀን እንኳ ጣት ይይዛል። አንድ የቋንጣ ማድረቂያ ማሽን አለ፤ እሱ ውስጥ ቢገባ ይሠራል ወይስ ሥራውን ያበላሻል?

ማርቆስ በር፦
ጋሼ ጣና ማዶ፣ ይሠራል፤ ሙቀቱን ዝቅ ካደረጉት። ኢናሜል የሚደርቀው ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ቲነሩ፣ ማለትም ማቅጠኛው፣ ተኖ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይጠነክራል። ጣት የሚይዘው ሁለተኛው ስላላለቀ ነው፤ ብርድ ደግሞ ያንኑ ያዘገየዋል። ስለዚህ ቀለሙ የሚፈልገው ለብ ያለና የሚንቀሳቀስ አየር ነው፤ እንደ ምጣድ ማጋል አይደለም።

መደወያውን 40 ዲግሪ ላይ ያድርጉት፣ ከ45 አያሳልፉት። የሞዴል ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው። በደንብ የሚለሰልሰው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ቢሆንም ቀጭን ክንፍ፣ አንቴና፣ የድልድይ ገመድ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጎብጣል፤ በተለይ በአንድ ጫፉ ተንጠልጥሎ ከሆነ። በቤት ውስጥ 3ዲ ፕሪንተር የታተመ፣ ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ የሆነ ክፍል ካለማ 60 ሳይደርስ ይልፈሰፈሳል።

መደወያውን ግን አይመኑት። ርካሽ ማሽን 40 ብሎ 50 ሊሰጥ ይችላል። ባዶውን ግማሽ ሰዓት ያስኪዱና ትሪው ላይ፣ መሐሉንና ዳሩን፣ በተለየ ቴርሞሜትር ይለኩ። መደወያ የሌለው፣ ማብሪያ ብቻ ያለው ዓይነት ለሥጋ ተብሎ ስለተሠራ ለቀለም አይሆንም፤ በነጻ ቢሰጥዎትም ይለፉት።

ትሪዎቹ እርስ በርስ ስለሚቀራረቡ ሞዴል አያስገቡም። የሦስት ወይም የአራቱን ወለል በመጋዝ ቆርጠው ቀለበቱን ብቻ ያስቀሩ። የታችኛውን አይንኩት፤ ማሞቂያው ከሥር ከሆነ ወድቆ የሚነካው ነገር መኖር የለበትም። ክፍሎቹን በልብስ መቆንጠጫ ይዘው በእንጨት ቁራጭ ላይ ያቁሟቸው።

ጣና ማዶ፦
መጠኑስ? የሚገባ አይመስልም።

ማርቆስ በር፦
አይገባም፣ ልክ ነዎት። ድልድዩ 303 ሜትር ስለሆነ በ1፡500 60.6 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሦስት ቦታ ከፍለው፣ እያንዳንዱን 20 ሴንቲሜትር ግድም አድርገው ቀብተው ካደረቁ በኋላ ያጋጥሙት። የአውሮፕላኑ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ግድም ነው፤ በ1፡72 40 ሴንቲሜትር። ክብ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ 30 ብቻ ነው ያለው። ክንፉን ከገላው ሳያጣብቁ ለብቻ ለብቻ ማድረቅ ነው፤ ወይም ማራገቢያው ከኋላ የሆነውን፣ መደርደሪያዎቹ የሚወጡትን ካሬ ማሽን መፈለግ።

የጢስ ዓባይ ልጅ፦
አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳውም። ቀለም የገባበት ማሽን ወደ ቋንጣ አይመለስም! የቲነር እንፋሎት በፕላስቲኩ ውስጥ፣ በማራገቢያው ላይ ይቀራል፤ ታጥቦ አይወጣም። ክዳኑ ላይ በወፍራም ማርከር «የቀለም» ብላችሁ ጻፉበት፣ እንግዳ ሰው ቲማቲም እንዳይደረድርበት። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው። ከቀድሞው ቋንጣ የቀረች አንዲት የበርበሬ ብናኝ በነጭ ክንፍ ላይ ካረፈች በብርጭቆ ወረቀት ከመፋቅ ሌላ መላ የለም። ማሽኑን በርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ አሥር ደቂቃ ባዶውን አስኪዱት፣ ከዚያ ክፍሎቹን አስገቡ።

ሁለተኛው እሳት ነው። የአኳራጅ (የኢናሜል ማቅጠኛው) እንፋሎት ከ40 ዲግሪ ግድም ጀምሮ ከብልጭታ ጋር ይያያዛል፤ ላከር የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም ቲነር ደግሞ በብርድም ቢሆን። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሙቀት መቆጣጠሪያ ሲከፍትና ሲዘጋ ብልጭታ ያወጣል። ስለዚህ እርጥብ ቀለም በቀጥታ አይገባም። ኢናሜል ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ላከር ሁለት ሰዓት መስኮት ሥር ይቀመጥ፤ እርጥብ ማንጸባረቁ ሲጠፋና ሽታው ሲለዝብ ነው የሚገባው። በቲነር የራሰ ጨርቅ ወይም ብሩሽ አብሮ አይገባም። የኪራይ ቤት ያላችሁም ማሽኑን ከምንጣፍና ከመጋረጃ አርቁት፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል አታድርጉት። የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ ሰው ባለበት ነው የሚሠራው።

ቻግኒ፦
እትዬ እውነትዎን ነው። እኔ የምጨምረው፣ ሁሉም ቀለም ማሽን አያስፈልገውም። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ በሰላሳ ደቂቃ ለጣት ይደርቃል፤ በቅብና በቅብ መሐል በ35 ዲግሪ ሃያ ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። ላከርን ባታስገቡት እመርጣለሁ። ከተጣደፈ ላዩ ቆዳ ያበጅና ከሥር የቀረው ቲነር መውጫ ሲያጣ አረፋ ሆኖ ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ቀለሙን ልጦ እንደገና መጀመር ነው። በወፍራሙ የተቀባ ኢናሜልም እንዲሁ ይሸበሸባል። ሁለት ስስ ቅብ ከአንድ ወፍራም ይሻላል።

ስንት ሰዓት ለሚለው፣ ስስ ኢናሜል በ40 ዲግሪ ሌሊቱን ሙሉ። የአየር መውጫውን ክፍት አድርጉ፣ ያለ ኦክስጅን አይጠነክርምና። ማለቁን አፍንጫ ነው የሚነግራችሁ፦ ክፍሉን አውጥታችሁ ሲበርድ አሽትቱት፤ ቀለም ቀለም የሚል ከሆነ ገና ነው።

አስቀድማችሁ ማውጣት ያለባችሁ፦ ቀለም እንዳይነካ የለጠፋችሁትን የወረቀት ፕላስተር ላጡት፣ ሙጫው በሙቀት ይጋገራልና። በሱፐር ግሉ የተጣበቀ መስታወት ካለ አንድ ቀን ክፍት አየር ላይ ይዋል፤ ታፍኖ ከሞቀ እንፋሎቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። የጎማ እግሮቹንም አውጡ። ለስላሳው ጎማ ውስጥ ያለው ዘይት የፕላስቲክ ቸርኬውን ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ያፋጥነዋል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ ያረፈበት ስፌትም አንድ ሁለት ቀን ሳይሞላው ከገባ ወደ ውስጥ ይሰምጥና በቀለሙ ላይ መስመሩ ይታያል። ብዙ ሰው «ስቱኮው ነው» ብሎ የሚያማርረው ይሄንን ነው።

የቡሬ መንገድ፦
ማሽኑን ከአሜሪካ ገዝቶ ቡሬ ላለ ወንድም መላክ ይቻላል?

ማርቆስ በር፦
ወንድሜ፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ አገር ቤት 220። ማሞቂያው እጥፍ የሚጠጋ ቮልት ሲገባበት ኃይሉ ሁለት እጥፍ ሳይሆን ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ካስገቡለት፣ ለ500 ዋት ማሽን ቢያንስ የ750፣ ቢቻል የ1000 መሆን አለበት፤ ለጉዞ የሚሸጠው ትንሹ ኮንቨርተር ሌሊቱን ሙሉ አይችልም። ትራንስፎርመሩ ደግሞ ከማሽኑ ይከብዳል፣ የሻንጣ ኪሎ ይበላል። አውሮፓ ያለ ዘመድ ካለ የ220ውን ከዚያ ማስመጣት ይቀላል። በትራንስፎርመርም ቢሆን የአገር ቤት መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የአንዳንዱ ማራገቢያ ዝግ ይላል፤ አየሩ ሲቀንስ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ስለዚህ እዚያ ሲደርስ እንደገና ይለካ።

የቡሬ መንገድ፦
መብራት ቢጠፋስ መሐል ላይ?

ቻግኒ፦
ቀለሙን ምንም አይለውም፤ ክዳኑን ከፍቶ መተው ነው። መብራቱ ሲመለስ ግን ቁልፉ ዲጂታል የሆነው በራሱ አይነሳም፣ ሰው መጥቶ መክፈት አለበት። ይልቅ ወንድምህ በሐምሌና ነሐሴ ላከር እንዳይረጭ ንገረው። ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ያርፍና ቀለሙ እንደ ወተት ይነጣል። ያንን ማድረቂያው አያስተካክለውም፤ ማድረቂያው የሚጠቅመው ከመረጨቱ በፊት ክፍሎቹን ለአሥር ደቂቃ ለብ ለማድረግ ነው።